የጀርመን አገር አቀፍ ምርጫ በጀርመንና በአሜሪካ ግንኙነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

የጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ መራጮች የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጡት ድምፅ በበርሊን የመንግሥት ለውጥ ተደርጓል። ምርጫው የተካሄደው ዶናልድ ትራምፕ በዋሺንግተን ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ከያዙ ገና አምስተኛ ሳምንታቸው ላይ ሳሉ ነበር። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጀርመን ለመሄድ የሚያስቡ፣ እንዲሁም በሁለቱ አገሮች ዘመድ ያሏቸው ተገልጋዮች የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ወዴት እንደሚያመራና ይህም እነርሱን ይነካቸው እንደሆነ ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ የሚረዳ መረጃ ለመስጠት ተዘጋጅቷል።

በዜና ማሰራጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ማን መራሄ መንግሥት እንደሆነና ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋር ምን ያህል እንደሚግባባ ነው። የመሪዎች መግባባት ዋጋ ቢኖረውም የግንኙነቱን አቅጣጫ ይበልጥ የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በምክር ቤቱ ያለው የመቀመጫ ድልድል መንግሥት ለመከላከያ ምን ያህል ገንዘብ እንዲያወጣ፣ የትኛውን የጦር መሣሪያ በግዛቱ እንዲያስቀምጥና በየትኛው ውሳኔ ላይ እጁ እንዲታሰር እንደሚያደርግ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ቀናትና ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የምርጫው ሥርዓትና የጥምር መንግሥት አመሠራረት

በጀርመን ሕዝቡ መራሄ መንግሥቱን በቀጥታ አይመርጥም። እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱን ለአካባቢው ዕጩ፣ ሁለተኛውን ለፓርቲ ይሰጣል። ቡንደስታግ ተብሎ የሚጠራው የፌዴራል ምክር ቤት በ2023 በተሻሻለው የምርጫ ሕግ መሠረት 630 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ ድልድሉ የሚወሰነው በሁለተኛው ድምፅ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ 5 በመቶ ያላገኘ ወይም ቢያንስ በሦስት የምርጫ ክልሎች ያላሸነፈ ፓርቲ፣ ከአናሳ ብሔረሰብ ፓርቲዎች በስተቀር፣ ወደ ምክር ቤቱ አይገባም። መራሄ መንግሥቱን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሲሆን ለዚህም ቢያንስ 316 ድምፅ ያስፈልጋል።

አንድ ፓርቲ ብቻውን አብላጫ መቀመጫ የሚያገኝበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት በመሆኑ መንግሥት የሚመሠረተው በጥምረት ነው። ተጣማሪዎቹ ከሳምንታት ድርድር በኋላ በሚፈርሙት የጥምረት ስምምነት ከአሜሪካ ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት፣ ስለ መከላከያና ስለ ንግድ የሚከተሉት መስመር በጽሑፍ ይሰፍራል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ለአነስተኛው ተጣማሪ መስጠቱ የተለመደ ነበር። ስለዚህም ከ1966 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ የክርስቲያን ዴሞክራት ኅብረት (ሲዴኡ) የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከራሱ አባላት መሾም ሳይችል ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ አልፏል። በግንቦት 2025 ዮሐን ቫደፉል ሲሾሙ ይህ ልማድ ተቋረጠ፤ መራሄ መንግሥቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከአንድ ፓርቲ ስለሆኑም በርሊን ለዋሺንግተን የምትልከው መልእክት በሁለት ድምፅ የመነገሩ ዕድል ቀንሷል።

ቀደም ባሉ ምርጫዎች የታየው

የ2025ቱን ውጤት ለመረዳት ሁለት የቀድሞ ምርጫዎችን ማስታወስ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የማርች 6 ቀን 1983 ምርጫ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) በዲሴምበር 1979 ከሶቪየት ኅብረት ጋር እየተደራደረ፣ ድርድሩ ካልተሳካ ግን መካከለኛ ርቀት የሚወነጨፉ የአሜሪካ ኑክሌር ሚሳይሎችን በምዕራብ አውሮፓ ለመትከል ወስኖ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ፐርሺንግ ሁለት የተባሉት ሚሳይሎች የሚተከሉት በምዕራብ ጀርመን ነበር። ውሳኔውን ከደገፉት መሪዎች አንዱ የነበሩት መራሄ መንግሥት ሄልሙት ሽሚት ከገዛ ፓርቲያቸው ከሶሻል ዴሞክራቶች ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። በኦክቶበር 1982 ተጣማሪያቸው ነጻ ዴሞክራት ፓርቲ ወገኑን ሲለውጥ ምክር ቤቱ ሽሚትን አንስቶ ሄልሙት ኮልን ተካ። ከአምስት ወር በኋላ በተካሄደው ምርጫ የኮል ወገን 48.8 በመቶ አገኘ፤ አረንጓዴዎቹም ሚሳይሉን እየተቃወሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤት ገቡ። በኖቬምበር 1983 ምክር ቤቱ ተከላውን አጸደቀ። መራጩ ሌላ ውጤት ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዋሺንግተን በአውሮፓ ያቀደችው ዋናው የመከላከያ እርምጃ አስተናጋጅ አገር ባላገኘ ነበር። ሚሳይሎቹ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1987 በፈረሙት ውል መሠረት ከጀርመን ምድር ተነሥተዋል።

ሁለተኛው የሴፕቴምበር 22 ቀን 2002 ምርጫ ነው። መራሄ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር በምርጫ ዘመቻቸው አገራቸው በኢራቅ ላይ በሚደረግ ጦርነት እንደማትሳተፍ በግልጽ አስታወቁ። የእርሳቸው ፓርቲና የተፎካካሪያቸው የኤድሙንድ ሽቶይበር ወገን እያንዳንዳቸው 38.5 በመቶ ሲያገኙ፣ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በአገር ደረጃ ወደ 6 ሺህ ድምፅ ብቻ ነበር። ሽሮደርን በሥልጣን ያቆያቸው ከአረንጓዴዎቹ ጋር በመጣመር ከ603 መቀመጫዎች 306ቱን ማግኘታቸው ነው። በዚያው ዘመቻ አንዲት የካቢኔ አባል ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ተናገሩት የተባለው ቃል ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ሚኒስትሯም በአዲሱ ካቢኔ አልተካተቱም። የሁለቱ መሪዎች ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ቆየ።

ይሁንና እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት ነገር አለ። ጀርመን በ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት ወታደር አልላከችም፤ ነገር ግን የአሜሪካ ጦር በጀርመን ያሉትን ሰፈሮች መጠቀሙንና በአየር ክልሏ ማለፉን አልከለከለችም። የጀርመን ወታደሮች በአገራቸው የሚገኙትን የአሜሪካ ካምፖች እስከ መጠበቅ ደርሰዋል፤ በአፍጋኒስታንም አብረው ተሰልፈው ነበር። በአደባባይ የተነገረው ጠንካራ ቃልና በሥራ ላይ የነበረው ትብብር አንድ አልነበሩም። ከምርጫ ማግስት የሚወጡ መግለጫዎችን የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት ልብ ቢል መልካም ነው።

የ2025ቱ ምርጫና ውጤቱ

በኦላፍ ሾልዝ ይመራ የነበረው የሦስት ፓርቲዎች ጥምረት የፈረሰው ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ነበር። ዕለቱ የአሜሪካው ምርጫ ውጤት የታወቀበት ቀን መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ለጠቡ ምክንያት የሆነው ጥያቄ ከአሜሪካ ጉዳይ የራቀ አልነበረም። ጥያቄው፣ ለዩክሬን ድጋፍና ለሌሎች ወጪዎች የሚያስፈልገው ገንዘብ በብድር ይሸፈን ወይስ አይሸፈን የሚል ነበር። ሾልዝ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ክርስቲያን ሊንድነርን አሰናበቱ፤ በዲሴምበር 16 የመተማመኛ ድምፅ ሲያጡም ምርጫው ከመደበኛ ጊዜው ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ ተጠራ።

በምርጫው ዋዜማ ከዋሺንግተን የመጡት ድምፆች ባለፉት አሥርት ዓመታት ያልተለመዱ ነበሩ። ባለሀብቱ ኢሎን ማስክ ያኔ ለፕሬዚዳንቱ ቅርብ ሆነው ሳለ አማራጭ ለጀርመን (አኤፍዴ) የተባለውን የቀኝ አክራሪ ፓርቲ በይፋ ደገፉ። ምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስም ፌብሩዋሪ 14 በሙኒክ የጸጥታ ጉባኤ ላይ ባሰሙት ንግግር የአውሮፓ መንግሥታትን የመናገር ነጻነትን ያጠባሉ፣ የመራጮችንም ድምፅ ያገልላሉ ሲሉ ወቀሱ፤ በዚያው ቀንም ከፓርቲው መሪ ከአሊስ ቫይድል ጋር ተገናኙ። መራሄ መንግሥቱና የመከላከያ ሚኒስትሩ ቦሪስ ፒስቶርየስ አቋሙን ተቃወሙ። ወዳጅ አገር በምርጫ ሳምንት ለአንድ ወገን ማድላቷ በጀርመን ፖለቲካ ውስጥ ጥልቅ ቅሬታ አሳድሯል።

መራጩ በከፍተኛ ቁጥር ወጣ፤ ተሳትፎው 82.5 በመቶ ነበር። የክርስቲያን ዴሞክራትና የክርስቲያን ሶሻል ኅብረት እህትማማች ፓርቲዎች 28.5 በመቶ፣ አማራጭ ለጀርመን 20.8 በመቶ፣ ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ 16.4 በመቶ፣ አረንጓዴዎቹ 11.6 በመቶ፣ የግራዎቹ ፓርቲ 8.8 በመቶ አገኙ። በመቀመጫ ሲሰላ በቅደም ተከተል 208፣ 152፣ 120፣ 85 እና 64 ሲሆን፣ አንዱ ቀሪ መቀመጫ የዴንማርክ አናሳ ብሔረሰብን የሚወክል ፓርቲ ነው።

አሸናፊው ፍሪድሪኽ ሜርስ በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ቀዳሚ ሥራቸው አውሮፓን በማጠናከር ደረጃ በደረጃ ከአሜሪካ ጥገኝነት እንድትላቀቅ ማድረግ እንደሆነ ተናገሩ። ቃሉ ከማንም አፍ ቢወጣ ትልቅ ነበር፤ ይበልጥ ክብደት የሰጠው ግን የተናጋሪው ማንነት ነው። ሜርስ የጀርመንና የአሜሪካን ወዳጅነት ለማጠናከር የተቋቋመውን አትላንቲክ ብሩከ የተባለ ማኅበር ከ2009 እስከ 2019 በሊቀመንበርነት የመሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለአሜሪካ ቅርበት ሲሟገቱ የኖሩ ፖለቲከኛ ናቸው።

የሁለት ሦስተኛው ስሌት

ከምርጫው በኋላ የሆነው ነገር የመቀመጫ ድልድል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል። በ2009 በጀርመን ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባው የዕዳ ልጓም የሚባለው ድንጋጌ የፌዴራል መንግሥቱን ዓመታዊ መዋቅራዊ የበጀት ጉድለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 0.35 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ሜርስ ያሰቡትን የመከላከያ ግንባታ በዚህ ገደብ ውስጥ መፈጸም አይቻልም ነበር። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ፣ ማለትም በአዲሱ ምክር ቤት 420 ድምፅ ያስፈልጋል።

የሁለቱ እህትማማች ፓርቲዎች፣ የሶሻል ዴሞክራቶችና የአረንጓዴዎቹ መቀመጫ ቢደመር 413 ብቻ ነው። በሌላ በኩል አማራጭ ለጀርመንና የግራዎቹ ፓርቲ በአንድነት 216 መቀመጫ በመያዛቸው ማናቸውንም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማገድ ይችላሉ። ሁለቱ በሁሉም ነገር የማይጣጣሙ ፓርቲዎች ቢሆኑም ይህ ማሻሻያ እንዳያልፍ ለማድረግ መስማማት አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት መቃወማቸው ይበቃል።

በዚህ ምክንያት አዲሱ ምክር ቤት ማርች 25 ከመሰብሰቡ በፊት አሮጌው ምክር ቤት ተጠርቶ ማርች 18 ቀን 2025 በ513 ድምፅ ድጋፍና በ207 ተቃውሞ ማሻሻያውን አጸደቀ፤ የክልሎች ምክር ቤት የሆነው ቡንደስራትም ከሦስት ቀን በኋላ አጸና። በማሻሻያው መሠረት ከጠቅላላ ምርት 1 በመቶ በላይ የሆነ የመከላከያ ወጪ ከዕዳ ልጓሙ ነጻ ሆነ፤ ለመሠረተ ልማት የሚውል 500 ቢሊዮን ዩሮ የያዘ ልዩ ፈንድም ተቋቋመ። ሕጋዊነቱ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢፈተሽም ፍርድ ቤቱ ስብሰባውን አላገደም። መራጩ ያሰናበተው ምክር ቤት በመጨረሻ ቀናቱ እንዲህ ያለ ከባድ ውሳኔ መወሰኑ በጀርመን ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም መሠረት የሌለው አይደለም። ለግንኙነቱ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዋሺንግተን ለዓመታት ስትጠይቀው የቆየችው የጀርመን የመከላከያ ወጪ ዕድገት በር የተከፈተለት ጥቂት ቀናት ብቻ በቀረው የጊዜ ክፍተት ነበር።

አንድ ሌላ ቁጥርም መጠቀስ ይገባዋል። በዛራ ቫገንክኔኽት የተመሠረተው ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ ከ10 ሺህ በታች በሆነ ድምፅ ከምክር ቤቱ ውጭ ቀረ። ይህ ፓርቲ ለዩክሬን የጦር መሣሪያ መላክንም፣ የአሜሪካ ሚሳይሎች በጀርመን መተከልንም የሚቃወም ነው። ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሁን 328 መቀመጫ የያዘው የሁለት ወገን ጥምረት አብላጫውን ያጣና ሦስተኛ ተጣማሪ መፈለግ ግድ ይሆንበት ነበር። ያለው አብላጫም ቢሆን ጠባብ መሆኑ የታየው ሜይ 6 ቀን 2025 ነው፤ ሜርስ በመጀመሪያው ዙር 310 ድምፅ ብቻ አግኝተው ወደቁ፣ በሁለተኛው ዙር በ325 ድምፅ ተመረጡ። በመጀመሪያ ዙር ድምፅ ያጣ ዕጩ መራሄ መንግሥት በድኅረ ጦርነቱ የጀርመን ታሪክ ከዚያ በፊት አልታየም።

መከላከያ፦ መላቀቅና መተሳሰር በአንድ ጊዜ

በጀርመን ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ይገኛሉ። ራምሽታይን የሚገኘው የአየር ኃይል ሰፈርና በአቅራቢያው ያለው የላንድሽቱል ወታደራዊ ሆስፒታል አሜሪካ በመካከለኛው ምሥራቅና በሌሎችም ስፍራዎች ለምታካሂዳቸው ዘመቻዎች አገልግሎት ይሰጣሉ። ለአህጉራችን ጉዳይ ኃላፊ የሆነው የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ ዋና መሥሪያ ቤትም ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የሚገኘው በሽቱትጋርት ከተማ ነው። ስለዚህ ሰፈሮቹ ለጀርመን ጥበቃ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም፤ አሜሪካም ያለ እነርሱ በቀላሉ የምትተካው አቅም የላትም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2020 ወደ 12 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮችን ከጀርመን ለማስወጣት ያወጡት ዕቅድ በሥራ ላይ ሳይውል በ2021 በተተኪያቸው በጆ ባይደን ተሽሯል። ወታደሮቹ እንዲቆዩ ያደረገው በጀርመን ሳይሆን በአሜሪካ የተካሄደ ምርጫ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለቱ መንግሥታት በጁላይ 2024 ረጅም ርቀት የሚሄዱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያዎች ከ2026 ጀምሮ በጀርመን እንዲቀመጡ መስማማታቸውን አስታውቀው ነበር። ውሳኔው ለፓርቲዎቹ የምርጫ ክርክር አንዱ ርዕስ ሆኖ ቆይቷል።

በጁን 2025 በሄግ የተካሄደው የኔቶ ጉባኤ አባል አገሮች እስከ 2035 ድረስ ለመከላከያና ለተያያዥ ጉዳዮች ከጠቅላላ ምርታቸው 5 በመቶ እንዲያወጡ ሲወስን ጀርመን ቃል ለመግባት የቻለችው በማርች ማሻሻያ ምክንያት ነው። አዲሱ መንግሥት ለዋናው የመከላከያ ወጪ የተመደበውን የ3.5 በመቶ ግብ በ2029 ለመድረስ አቅዷል። እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይታያል። ጀርመን ከአሜሪካ ለመላቀቅ የምታወጣው ገንዘብ በከፊል የሚሄደው ወደ አሜሪካ ነው። በ2022 ከተወሰነው 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ 35 ኤፍ-35 የጦር አውሮፕላኖችና 60 ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች ታዘዋል፤ የፓትሪየት አየር መከላከያም አሜሪካ ሠራሽ ነው። ኤፍ-35 የተመረጠበት አንዱ ምክንያት በቡሽል ሰፈር በኔቶ የኑክሌር ተሳትፎ ሥርዓት ውስጥ ያረጁትን ቶርናዶ አውሮፕላኖች ለመተካት ነው። እንዲህ ያለ ግዥ ጥገናን፣ መለዋወጫንና ሶፍትዌርን ስለሚጨምር ሁለቱን አገሮች ለአሥርት ዓመታት ያስተሳስራል፤ አንድ የምርጫ ዘመን አይፈታውም።

ንግድ፦ ውሳኔው በበርሊን አይደለም

በ2024 አሜሪካ ቻይናን ቀድማ የጀርመን ትልቋ የንግድ ሸሪክ ሆነች። የሁለቱ አገሮች የሸቀጥ ንግድ ወደ 253 ቢሊዮን ዩሮ የደረሰ ሲሆን፣ ጀርመን ወደ አሜሪካ የላከችው ካስገባችው በ70 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ይበልጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደጋግመው ቅሬታ የሚያሰሙበት ይህ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ቤኤምቬ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በስፓርታንበርግ፣ መርሴዲስ በአላባማ፣ ፎልክስዋገን በቴነሲ በቻታኑጋ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሏቸው። በስፓርታንበርግ ከሚመረቱት መኪኖች ብዙዎቹ ወደ ሌሎች አገሮች የሚላኩ በመሆናቸው የንግድ ጦርነት በአሜሪካውያን ሠራተኞችም ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ብዙ አንባቢዎች የሚስቱት ነጥብ፣ የጀርመን መራሄ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር የቀረጥ ስምምነት ለብቻው መፈረም የማይችል መሆኑ ነው። የንግድ ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ የአውሮፓ ኅብረት ሥልጣን ነው፤ የሚደራደረውም የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ስለሆነም ጁላይ 27 ቀን 2025 በስኮትላንድ በተርንቤሪ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጋር ስምምነት ላይ የደረሱት የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ኡርዙላ ፎን ደር ላየን ናቸው። በስምምነቱ መሠረት መኪናን ጨምሮ በአብዛኛዎቹ የኅብረቱ ሸቀጦች ላይ የሚጣለው ቀረጥ 15 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በፊት በመኪና ላይ የነበረው በአጠቃላይ 27.5 በመቶ ስለነበር ለጀርመን መኪና አምራቾች ፋታ ሰጥቷል፤ ከ2025 በፊት ከነበረው 2.5 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ግን ኪሳራ ነው። የምርጫው ውጤት በዚህ ረገድ ያለው ድርሻ በርሊን በብራስልስ ውስጥ ምን ዓይነት ግፊት ታደርጋለች በሚለው የተወሰነ ነው። የሜርስ መንግሥት ፈጣን ስምምነት እንዲደረስ ሲገፋ፣ ፈረንሳይ ጠንከር ያለ አቋም እንዲወሰድ ትፈልግ ነበር።

በኃይል አቅርቦትም ግንኙነቱ ጠብቋል። አሜሪካ ለዓመታት የተቃወመችው፣ ከሩሲያ በባልቲክ ባሕር በኩል የሚመጣው የኖርድ ስትሪም ሁለት የጋዝ መስመር በፌብሩዋሪ 2022 ፈቃድ የማግኘት ሂደቱ ከታገደ በኋላ፣ ጀርመን በመርከብ ከምታስገባው ፈሳሽ ጋዝ ከፍተኛውን ድርሻ የምታገኘው ከአሜሪካ ነው።

የመሪዎች ግንኙነትና ቀጣዮቹ ምርጫዎች

ሜርስ ጁን 5 ቀን 2025 ዋይት ሐውስን ሲጎበኙ ለፕሬዚዳንቱ ያበረከቱት ስጦታ በ1869 በጀርመን ካልሽታት መንደር የተወለዱትን የፕሬዚዳንቱን አያት የፍሪድሪኽ ትራምፕን የልደት ምስክር ወረቀት ነበር። ጉብኝቱ ያለ ግጭት ተጠናቀቀ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ግን የጀርመን የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አማራጭ ለጀርመንን በአክራሪነት መመደቡን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ በአደባባይ አውግዘው፣ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በአደባባይ መልሶ ነበር። ምደባው በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ወዲያው በጊዜያዊነት ታግዷል። የውስጥ ፖለቲካ ጉዳይ እንዲህ ባለ መንገድ የዲፕሎማሲ ጉዳይ መሆኑ፣ ከቀረጥም ከወታደር ቁጥርም ይልቅ ለመተማመን አስቸጋሪ ነው፤ በድርድር የሚካፈል ነገር የለውምና።

በአሜሪካ በኩልም ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን የማይወስኑት ጉዳይ አለ። በዲሴምበር 2023 የወጣ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ያለ ኮንግረስ ሕግ አገሪቱን ከኔቶ እንዳያስወጡ ይከለክላል። የኮንግረስ ምርጫ በኖቬምበር 2026፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ በኖቬምበር 2028 የሚካሄድ ሲሆን፣ የጀርመን ቀጣዩ መደበኛ ምርጫ በ2029 መጀመሪያ ላይ ይሆናል። ይህም ማለት የአሁኑ የጀርመን ምክር ቤት ዘመኑ ሲያበቃ በዋሺንግተን አዲስ ፕሬዚዳንት ይኖራል። በዚያን ጊዜ የሕገ መንግሥት ማገጃው አንድ ሦስተኛ በማን እጅ እንደሚሆን የአሁኑ የፓርቲዎች ድጋፍ መጠን አስቀድሞ አይነግረንም።

ለተገልጋዮች የሚጠቅሙ ነጥቦች

የሁለቱ መንግሥታት መቀራረብም ሆነ መቃቃር በኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ ላይ በቀጥታ የሚያመጣው ለውጥ የለም። የጀርመን ቪዛ በጀርመንና በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ የአሜሪካ ቪዛ በአሜሪካ ሕግ ይወሰናል። አንዱ አገር የሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ በሌላው አገር ለመኖርም ሆነ ለመሥራት አያስችልም። በተገልጋዮች ላይ ይበልጥ የሚታየው የጀርመን ምርጫ ውጤት አዲሱ ጥምር መንግሥት በስደትና በዜግነት ሕጎች ላይ ያደረገው ማሻሻያ ነው።

ከጁላይ 24 ቀን 2025 ጀምሮ ከሙሉ ስደተኝነት ያነሰ፣ ተጨማሪ ጥበቃ የሚባለው መብት ያላቸው ሰዎች ቤተሰባቸውን ወደ ጀርመን የማምጣት መብታቸው ለሁለት ዓመት ታግዷል፤ እጅግ አስቸጋሪ ለሆኑ ጉዳዮች ብቻ ልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል። ሙሉ የስደተኝነት ዕውቅና ያገኙ ሰዎች በዚህ እገዳ አይካተቱም። ከሦስት ዓመት ቆይታ በኋላ ዜግነት ለማግኘት ያስችል የነበረው ድንጋጌ በኦክቶበር 2025 በምክር ቤቱ ተሽሯል፤ የአምስት ዓመቱ መደበኛ መንገድ ግን አልተነካም። ሥራ ለመፈለግ ወደ ጀርመን መግባት ለሚሹ ባለሙያዎች ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዕድል ካርድም እንዳለ ቀጥሏል። ለዚህ ካርድ በተማሩበት አገር ዕውቅና ያለው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ ኤ-1 ደረጃ የጀርመንኛ ወይም ቢ-2 ደረጃ የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ በቂ የመተዳደሪያ ገንዘብ እንዲሁም በነጥብ አሰጣጡ ቢያንስ 6 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ሙያቸው በጀርመን ሙሉ ዕውቅና ያገኘ አመልካቾች ነጥብ አይቆጠርባቸውም።

ጀርመን ከጁን 2024 ወዲህ ጥምር ዜግነትን የምትፈቅድ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የጀርመን ሕግ መፍቀዱ በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ሁኔታ አይለውጠውም። ዜግነት የለወጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ በበርሊን ከሚገኘው ኤምባሲ ወይም በፍራንክፈርት ከሚገኘው ቆንስላ ጄኔራል ጽ/ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በፍራንክፈርት ወይም በሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አሜሪካ ለሚጓዙ መንገደኞች የሚከተለው ልብ ሊባል ይገባል። የኢትዮጵያ ዜጎች በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ የአውሮፕላን ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ናቸው። ነገር ግን ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ወይም የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ፣ ያላቸው መንገደኞች ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ይህ ሕግ የኅብረቱ በመሆኑ በበርሊን የመንግሥት ለውጥ ስለተደረገ አልተለወጠም። በአሜሪካ ሕጋዊ ቆይታ ኖሯቸው በፓስፖርታቸው ላይ ያለው የአሜሪካ ቪዛ ጊዜው ያለፈበት ተማሪዎችና ሠራተኞች ግን ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በአየር መንገዱ መሳፈሪያ ላይ ሊከለከሉ ስለሚችሉ፣ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት በሚኖሩበት ከተማ አቅራቢያ ካለው የጀርመን ቆንስላ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።